ጆሮም ትምህርት ያስፈልገዋል



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ስለ እግር ኳስ ቡድናችን፣ ስለ ችግኝ ተከላውና ስለ ብሔራዊው ፈተና ብዙ እንደሚጻፍ የታወቀ ነው፤ መጻፉም ተገቢ ነው። እኔ ግን ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ከአጥራችን ውጭ ያለ ነው፤ ይኸውም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚገኘው በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለሕዝብ የሚቀርበው ኮንሰርትና ስለ ሙዚቃ የሚደረገው ንግግር ነው። በእኔ አስተያየት የከተማችን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ በዓመት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ጊዜ እንዲህ ወዳለው አዳራሽ ሊሄድ ይገባዋል፤ ወላጆቹም አብረውት ቢሄዱ ጥቅሙ እጥፍ ይሆናል። ለምን እንዲህ እንዳልሁ ላስረዳ።

ሙዚቃን ለመስማት ጆሮ መኖሩ ብቻ አይበቃም። ዐይን ያለው ሰው ፊደል ሳይቈጥር መጽሐፍ ማንበብ እንደማይችል ሁሉ፣ ጆሮም ሳይማር የሚሰማው ምቱንና ጩኸቱን ብቻ ነው። እኛ ከማለዳ እስከ ማታ በታክሲ ውስጥ፣ በሠርግ ቤት፣ በስልካችንም ሙዚቃ ስንሰማ እንውላለን። ዳሩ ግን አንድ ዘፈን ሲጀመር ቅኝቱ ትዝታ ይሁን ባቲ፣ አምባሰል ይሁን አንቺሆዬ ለይቶ የሚናገር ተማሪ ፈልጌ በክፍላችን ሦስት ሰው ለማግኘት ቸግሮኛል። የአውሮፓን ዋና ከተሞች በቃላችን የምንወጣ ልጆች የራሳችንን አራት ቅኝቶች መለየት አለመቻላችን ያስገርማል።

ይህም ነገር በንግግር ብቻ ወይም በጨዋታ ብቻ የሚገባ አይደለም። ባለፈው ዓመት ስለ ቅኝት በተደረገ አንድ ንግግር ላይ ተገኝቼ ነበር። ተናጋሪው ሩብ ሰዓት ያህል ሲያስረዱ ከአዳራሹ ግማሹ ያዛጋ ነበር። በኋላ ግን አንድ ወጣት ክራሩን ይዞ ወንበር ላይ ተቀመጠና በትዝታ ቅኝት አንዲት አጭር ዜማ መታ። በፈረንጅ ስም ብንጠራቸው ድምፆቹ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ ናቸው፤ ፋና ሲ በዚያ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ቀጥሎ ሚንና ላን ብቻ በግማሽ ድምፅ ዝቅ አደረጋቸውና ያችኑ ዜማ ደገማት። ጣቶቹ የሄዱበት መንገድ ያው ነው፤ ምቱም ያው ነው፤ ዜማዋ ግን ፀሐይ ላይ ቆማ የነበረች ድንገት ጥላ ውስጥ የገባች መሰለችን። ያዛጋ የነበረው ሁሉ ቀና አለ። ከፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ «ውይ!» ሲሉ ሰማሁ።

ሩብ ሰዓት ሙሉ በቃል የተነገረው በዚያች በአንዲት ደቂቃ ገባን። ይሁን እንጂ ያ ሩብ ሰዓት ባይቀድም ኖሮ ልጁ ክራሩን ምን እንዳደረገው ሳናውቅ፣ ደስ ብሎን ብቻ ወደየቤታችን በተመለስን ነበር። ስለዚህ ንግግርና ጨዋታ ተለያይተው ባይቀርቡ እወዳለሁ። ምሁሩ ሲናገሩ ተጫዋቹ ከአጠገባቸው ይቀመጥ፤ ተጫዋቹም ከመጫወቱ በፊት የሚጫወተው ምን እንደ ሆነ ሁለት ቃል ይናገር።

የያሬድ ትምህርት ቤት ለዚህ ሥራ የተመቸ ስፍራ ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ ፒያኖና ቫዮሊን ከክራር፣ ከመሰንቆና ከዋሽንት ጋር ጎን ለጎን ይማራሉ። የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በ1938 ተወልደው በ1998 ያረፉ፣ ሙዚቃ የሚደርሱም ስለ ሙዚቃ የሚመራመሩም ሰው ነበሩ። በ1971 በአሜሪካ በዌዝሊያን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ አግኝተዋል። ከሥራዎቻቸውም አንዱ ስለ እረኛ ባለ ዋሽንት የደረሱት ነው። ፒያኖ ተጫዋቹ ግርማ ይፍራሸዋ ደግሞ በልጅነታቸው ክራር ይመቱ ነበር፤ ፒያኖን የተዋወቁት በዚሁ በያሬድ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ከዚያ በቡልጋርያ በሶፍያ ከተማ ተምረው ተመልሰዋል። እርሳቸውም ዋሽንት ስለ ያዘ እረኛ በፒያኖ ደርሰዋል። አንዱ አሜሪካ፣ ሌላው ቡልጋርያ ድረስ ሄደው የተማሩ ሁለት ሰዎች ሁለቱም ስለዚያው እረኛ መድረሳቸውን ሳስብ፣ የውጭ አገር ትምህርት የአገርን ነገር ያስረሳል የሚለው አባባል ሁልጊዜ እውነት እንዳልሆነ ይታየኛል።

ዋሽንትን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ዋሽንት እንደ ክራር ክሩን አጥብቀው ወይም አላልተው የሚቃኙት መሣሪያ አይደለም። አራት ቀዳዳ አለው፤ ድምፁ ቀጭን ወይም ወፍራም መሆኑን የሚወስነው የሸምበቆው ርዝመት ነው። ስለዚህ ባለሙያው ረጅሙንም አጭሩንም ብዙ ዋሽንት እንደ ፍላጻ ሰብስቦ ይዞ ይመጣል፤ ዘፋኙን አይቶ ከመካከላቸው አንዱን ይመርጣል። እንዲህ ያለውን ነገር በስልክ የሚሰማ ሰው ከቶ አያየውም። ኮንሰርት ሄዶ መቀመጥ የሚጠቅመው ስለዚህ ጭምር ነው፤ ዐይንም ከጆሮ ጋር ይማራልና።

አንዳንድ ጓደኞቼ «የፈረንጅ ሙዚቃ ምን ያደርግልናል?» ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ «መሰንቆ ኋላ ቀር ነው» ብለው ይሥቃሉ። ለመጀመሪያዎቹ የምመልሰው ታሪክ ጠቅሼ ነው። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት፣ የነሐስ መሣሪያ ይነፉ ነበር፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የመጀመሪያውን ብሔራዊ መዝሙራችንን ዜማ ደርሰዋል። አባቶቻችን ጡሩምባውን «የሰው ነው» ብለው አልጣሉትም፤ ተቀብለው የራሳቸው አደረጉት። ለሁለተኛዎቹ ደግሞ ሙላቱ አስታጥቄ በየንግግራቸው ስለ ደራሼ ሰዎች የሚያነሡትን ልጥቀስ። በደቡብ አገራችን የሚኖሩት ደራሼዎች ልዩ ልዩ ርዝመት ያላቸውን የቀርከሃ ቧንቧዎች ይነፋሉ። እያንዳንዱ ሰው ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ተራውን ጠብቆ ያችን አንድ ድምፁን ይሰጣል፤ ዜማው የሚወጣው ከሁሉም መካከል ነው። ሙላቱ በጃዝ የሚሠራበትን አንድ ዓይነት የድምፆች ቅደም ተከተል እነዚህ ሰዎች ከጥንት ጀምረው ያውቁታል ይላሉ። አባባላቸውን የማይቀበል ምሁር ቢኖር ይምጣና በአዳራሹ ውስጥ ይከራከራቸው፤ እኛም ቁጭ ብለን እንስማ። እኔ የማውቀው፣ በክፍላችን ውስጥ ተራውን ጠብቆ አንድ ቃል ብቻ የሚናገር ሠላሳ ሰው ማግኘት ከባድ መሆኑን ነው።

ነገሩ ከመዝናኛ ያለፈ መሆኑን የሚያሳየን የበገና ታሪክ ነው። በገና ዐሥር አውታር አለው፤ እንዝራ የሚባሉት ትንንሽ ቍርጥራጭ ቆዳዎች በየአውታሩ ሥር ስለሚገቡ ድምፁ እንደ ንብ ይርገበገባል። በልጅነታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በገና የተማሩት ዓለሙ አጋ ከ1972 እስከ 1980 በያሬድ ትምህርት ቤት በገና ያስተምሩ ነበር። ዘመኑ ግን የደርግ ዘመን ነበርና መንፈሳዊው መሣሪያ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሊቀጥል አልቻለም፤ ትምህርቱም ተቋረጠ። ከ1991 ወዲህ በገና እንደገና ሲያንሠራራ፣ ዛሬ በጾም ወራት በየስፍራው የምንሰማው ድምፅ ሊመለስ የቻለው በመካከሉ ባሉት ዓመታት በቤታቸው የያዙት ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። የዓለሙም ጨዋታ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ በዐሥራ አንደኛው ቍጥር ወጥቶ በውጭ አገር ተሰምቷል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ አንድ ትምህርት ቤት አንድን መሣሪያ ማስተማር በአንድ ደብዳቤ ሊያቆም ይችላል። የሚሰማው ሕዝብ ካለ ግን መሣሪያው ፈላጊ አያጣም፤ «የት ገባ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል። ሰሚ ከሌለው ማንም ሳያውቅ ይጠፋል። ኮንሰርትና ንግግር የሚያፈራው ይህን ጠያቂ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ቋንቋ ልናገር። በአንድ ሌላ አዳራሽ፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ ስለ ቅዱስ ያሬድ ዜማ በእንግሊዝኛ ንግግር ሲደረግ ሰምቻለሁ። ተናጋሪው ስለ ግእዝ፣ ስለ ዕዝልና ስለ ዓራራይ፣ ደግሞም ከፊደሎቹ በላይ ስለሚጻፉት የዜማ ምልክቶች በሥዕል እያሳዩ አስረዱ። ከአጠገቤ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ሥዕሉ በተለዋወጠ ቍጥር በለሆሳስ «ይዘት፤ ደረት፤ ርክርክ፤ ድፋት» ይላሉ። ጥቂት ቆይተው ወደ እኔ ዘንበል ብለው፦

«ልጄ፣ ሰውዬው ምን አሉ?» አሉኝ።

«አባቴ፣ ምልክቶቹን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሯቸው ይተረካል ነው የሚሉት» አልኋቸው።

«እሱንማ እኔም ዐውቃለሁ። እንዴት እንደሚዜም አሳዩ ወይ?»

አላሳዩም ነበር። የጥያቄ ጊዜ በደረሰ ጊዜ ሰዎች ተነሥተው ጠየቁ፤ ሽማግሌው ግን ዝም አሉ፤ የሚጠየቀው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበርና። በዚያ ማታ በመድረኩ ላይ ሊወጣ ይገባ የነበረው ዕውቀት ከአጠገቤ ተቀምጦ አምሽቶ ዱላውን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ እንግሊዝኛ አይጠቅምም አልልም፤ ከውጭ አገር የመጣ እንግዳም በሚያውቀው ቋንቋ ይናገር። ነገር ግን ንግግሩ ለሕዝብ ነው ከተባለ፣ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ወይም በአስተርጓሚ ቢሆን ምን ይጎዳል? ሽማግሌውን የመሰሉ ሊቃውንትም በጀርባ ወንበር ከሚቀመጡ ወደ መድረኩ ቢጠሩ፣ ዕውቀት የምንቀስመው እኛ ነን።

ስለ አድማጩም ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። ኮንሰርቱ ከተጀመረ በኋላ እየተንጋጋን መግባት፣ ስልክ ከፍ አድርጎ በመቅረጽ ከኋላ ላለው ሰው መጋረጃ መሆን፣ ዘፈኑ ሳያልቅ ከጎረቤት ጋር ማውራት የተለመደ ሆኗል። ቫዮሊን የሚጫወተው ልጅ ለዚያች ለሃያ ደቂቃ ስንት ወር እንደ ለፋ የምናውቅ አይመስልም። በሌላ በኩል፣ በክፍል መካከል ስላጨበጨበ ሰው ፊታቸውን የሚያጠቍሩትንም አልወድላቸውም። ደስ ብሎት ያጨበጨበ ሰው ወንጀል አልሠራም፤ እየቆየ ይማራል። እናቴን አንድ ቀን ይዣት ሄጄ ነበር። ፒያኖው የአገራችንን የሠርግ ዘፈን ሲጀምር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ይኸማ የኛ ነው!» አለች። ብዙ ሰው ዞሮ አየን። እኔ ግን ከዚያ ማታ ሁሉ ውስጥ እንደዚያ ያለ ትክክለኛ አስተያየት አልሰማሁም።

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው በተለይ ለወላጆች ነው። በክፍላችን ውስጥ መሰንቆ የሚጫወት አንድ ልጅ አለ፤ ስሙን አልጽፍም። በትምህርቱ ደካማ አይደለም፤ በሒሳብ ከእኔ ይበልጣል። የዐሥራ ሁለተኛን ክፍል ሲፈጽም በያሬድ ትምህርት ቤት ለመፈተን ይፈልጋል። መምህራችን ምን ልትሆኑ ትፈልጋላችሁ ብለው በጠየቁ ጊዜ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ አውሮፕላን ነጂ ስንል ሁሉም በጸጥታ ሰማ፤ እርሱ «ሙዚቀኛ» ሲል ክፍሉ በሣቅ ተሞላ። አባቱም «እኔ ልጄን ለአዝማሪነት አላስተማርሁም» ማለታቸውን ነግሮኛል። አሁን መሰንቆውን ጓደኛው ቤት ደብቆ ነው የሚለማመደው።

ጋሼ፣ ይህን መጽሔት እንደሚያነቡ ዐውቃለሁና በአክብሮት ልናገር። ለልጅዎ እንጀራ መጨነቅዎ ትክክል ነው፤ የሙዚቀኛ ኑሮ ቀላል ነው ብዬ አልዋሽዎትም። አዝማሪ የሚለውን ቃል ግን ለስድብ ባያደርጉት ብዬ እለምናለሁ። አዝማሪ በአንድ አውታር መሰንቆ፣ በሰምና ወርቅ፣ ለጌታው ማንም ደፍሮ የማይናገረውን የሚናገር ሰው ነበር። በ1937 ግራዚያኒ አዝማሪዎችንና ጠንቋዮችን እያስያዘ እንዲገደሉ ማዘዙ በታሪክ ተጽፏል፤ ያዘዘውም ሕዝቡን ያነሣሡብኛል ብሎ ስለ ፈራ ነው። ጠላት እስከዚህ ድረስ የፈራውን ሙያ እኛ በቤታችን ስንንቀው ነገሩ አልገጥምልኝ ይላል። እኔ የምለምነው ልጁን ዛሬውኑ ይፍቀዱለት ብዬ አይደለም። እምቢ ከማለትዎ በፊት አንድ ማታ ብቻ ከእርሱ ጋር ሄደው በዚያ አዳራሽ ውስጥ ይቀመጡ፤ የእርሱ እኩዮች እንዴት አድርገው እንደሚሠሩ፣ መምህራኑም እንዴት እንደሚያርሙዋቸው ይዩ። ከዚያ በኋላ የሚወስኑት ውሳኔ የዐዋቂ ውሳኔ ይሆናል፤ ልጁም ቢሆን ታይቶ የተከለከለና ሳይታይ የተከለከለ አንድ አይሆንበትም።

ከዚህ የቀረው የሥራ ጉዳይ ነው። አንዳንዱ «ፈተና አለብን» ይላል፤ ቅዳሜ ማታ ማንም ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠና አላየሁም። ሌላው የትራንስፖርት ነገር ነው። ለኳስ ግጥሚያ በየወሩ የሚወጣው አውቶቡስ በየመንፈቁ አንድ ጊዜ ለሙዚቃ ቢወጣ ትምህርት ቤታችን የሚከስር አይመስለኝም፤ ይህንንም ለርእሰ መምህራችን በጽሑፍ አቅርበናል፤ መልሱን እንጠብቃለን። የሴት ልጆች ወላጆች ስለ ምሽቱ እንደሚሠጉ ዐውቃለሁ፤ እኔም ሴት ነኝ፤ ከዚህ የተነሣ ወላጅ አብሮ ይምጣ ማለታችን ለጨዋነት ብቻ አይደለም። ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት የሙዚቃ ክበባችን ለግማሽ ሰዓት ተሰብስቦ የሚቀርበው ምን እንደ ሆነ ይነጋገራል፤ ከተመለስን በኋላም እያንዳንዱ ሰው አንድ ያልገባውን ጥያቄ ጽፎ ያመጣል። ጥያቄዎቹን ሰብስበን ለትምህርት ቤቱ መምህራን እንልካለን፤ ከመካከላቸው አንዱ ወይም ሁለቱ ወደ እኛ መጥተው እንዲመልሱልን ለመጋበዝ አስበናል፤ ክራር ይዘው ቢመጡ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለናል።

የመመዝገቢያው ደብተር በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ከተማሪው ስም ጎን ለወላጅ የሚሆን ባዶ መስመር ተሠርቶለታል። ይህን እስከ ጻፍሁበት ቀን ድረስ ዐሥራ አንድ ተማሪዎችና አንዲት እናት ተመዝግበዋል፤ እናቲቱ የእኔ ናት።